የካርቦን ልቀት ለመቀነስ የተነሳ የምግብ ፋብሪካ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ ዱቄት፣ ዘይትና ወተት የሚያቀነባብረው ሰው እየበዛ ነው። ቡሬ ላይ ትልቅ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። «ልቀታችንን እንቀንስ» የሚል ባለፋብሪካ ስሰማ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ድካሙ ያለቦታው ሲባክን ነው።

ከመብራት መጀመር። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ይመነጫል፤ የጣና ውኃም በለስ ላይ ተርባይን ያዞራል። ስለዚህ አምፖል መቀየር ለኪስ ጥሩ ነው እንጂ ልቀቱን እምብዛም አይነካውም። ጭሱን ቦይለሩ ጋ፣ ማገዶ አንድዶ እንፋሎት የሚያወጣው ምድጃ ጋ ፈልጉት።

«ባህር ዛፍ መልሶ ያቆጠቁጣል» ብሎ መዘናጋት። ከሚያድገው በላይ ከተቆረጠ ማገዶም ዕዳ ነው። እርጥብ እንጨት ደግሞ ሙቀቱን የሚጨርሰው የራሱን ውኃ በማትነን ነው። አድርቃችሁ አንድዱ፤ የእንፋሎት ቧንቧውንም ሙቀት እንዳያባክን ጠቅልሉት።

እርሻውን መርሳት። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የምግብ ድርጅት ልቀት አብዛኛው ከአጥሩ ውጭ፣ ማሳው ላይ ነው። ዩሪያ ገና ሲመረት ብዙ ጋዝ ወይም ከሰል ይበላል። ከተበተነ በኋላ ጥቂቱ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይተናል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ገበሬውን ማዳበሪያ ተው ማለት ግን ጭካኔ ነው፣ ልጆቹን የሚያበላው በዚያው ነው። ይልቅ ዩሪያውን ሁለት ጊዜ ከፍሎ፣ መሬቱ ሲርስ ሰጥቶ አፈር እንዲያለብሰው አግዙት። በቆሎን በበቆሎ ላይ ከመዝራት በግብጦ ወይም በባቄላ ቢያፈራርቅ መሬቱ ናይትሮጅን ያገኛል። አባቶቻችን የደከመ መሬት ላይ ግብጦ የሚዘሩት ወደው አይደለም። እናንተ በቆሎውን ብቻ እየገዛችሁ ግን ማንም አያፈራርቅም። የባቄላና የግብጦ ገበያ አፈላልጉለት።

ብልሽትን ከልቀት አለመቁጠር። ነቀዝ የጨረሰው በቆሎ ማዳበሪያውንም የመኪናውን ናፍጣም ይዞ ነው የሚጠፋው። አየር የማያስገባ ከረጢት ግዙ።

የወተት ማቀዝቀዣ ጋዝ ሲያንስ ዝም ብሎ መሙላት። ብዙዎቹ ጋዞች ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ እጥፍ በላይ ያሞቃሉ። መጀመሪያ ቀዳዳው ይደፈን።

በችግኝ ማካካስ። ክረምት ላይ መትከል ያስደስተኛል፣ እኔም እተክላለሁ። ሪፖርት ላይ ግን የጸደቀውን ብቻ ጻፉ። ከጎኑ ቦይለሩ ለአንድ ኩንታል ምርት ስንት ኪሎ ማገዶ እንደፈጀ አስፍሩ።