ሽምጠጣ ሲያደናግር፦ ችግሩና መፍትሄው

ችግር፦ «አንዲት መኪና ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ፣ ቀጥ ባለው ቦታ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሳትጨምር ሳትቀንስ ትሄዳለች። ሽምጠጣዋ ስንት ነው?» አዳማ ውስጥ የማስጠናቸው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ሲጠየቁ አብዛኞቹ ካልኩሌተር ያነሳሉ። መልሱ ዜሮ ነው።

መንስኤ፦ ግማሹ ጥፋት የቃሉ ነው። «ፈረሱ ሽምጥ ጋለበ» ሲባል እየሰማ ላደገ ልጅ ሽምጠጣ ማለት መፍጠን ነው። በፊዚክስ ግን የሚለካው ፍጥነቱ ሳይሆን የፍጥነቱ ለውጥ ነው፤ በየሰከንዱ ምን ያህል ጨመረ ወይም ቀነሰ?

መፍትሄ፦ ባጃጅ ተሳፈሩና ከሾፌሩ ትከሻ በላይ የፍጥነት ቆጣሪውን ተመልከቱ። መርፌው ሲወጣ ወንበሩ ጀርባችሁን ይገፋል፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ትደፋላችሁ። መርፌው ከቆመ፣ 20 ላይም ይሁን 50 ላይ፣ ሽምጠጣ የለም። ቀጥ ያለ መንገድ ምረጡ እንጂ፤ አደባባይ ሲዞር መርፌው ባይነቃነቅም አቅጣጫው ስለሚለወጥ ሽምጠጣ አለ፣ እሱ የሌላ ቀን ጣጣ ነው።

ችግር፦ ባጃጁ ከቆመበት ተነስቶ በ5 ሰከንድ በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ተማሪው 27ን ለ5 አካፍሎ 5.4 ይላል።

መንስኤ፦ ሰዓትና ሰከንድ ተደባልቀዋል።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ 27ን ለ3.6 አካፍሉ (ኪሎ ሜትሩ 1000 ሜትር፣ ሰዓቱ 3600 ሰከንድ ስለሆነ)፤ 7.5 ሜትር በሰከንድ ይመጣል። ይህ ለ5 ሲካፈል 1.5 ነው፤ ፍጥነቱ በየሰከንዱ 1.5 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል ማለት ነው። ቁጥሩን ሁልጊዜ ከሚወድቅ ድንጋይ ጋር አስተያዩ። የድንጋዩ 9.8 ነው። 5.4 ያለ ሰው ባጃጁን ከድንጋዩ ሽምጠጣ ግማሽ በላይ ሰጥቶታል፤ እንዲህ ያለ ባጃጅ እስካሁን አልገጠመኝም።

ችግር፦ መልሱ ነጌቲቭ ሲሆን «ፍጥነቱ እየቀነሰ ነው» ብሎ መደምደም።

መንስኤ፦ ምልክቱ የሚናገረው አቅጣጫን ነው። ወደ ፊት ፖዘቲቭ ካልን፣ ወደ ኋላ እየፈጠነ የሚሄድ ባጃጅም ሽምጠጣው ነጌቲቭ ነው።

መፍትሄ፦ የፍጥነቱንና የሽምጠጣውን ምልክት ጎን ለጎን ጻፉ። ከተመሳሰሉ እየፈጠነ፣ ከተለያዩ እየቀነሰ ነው።

ችግር፦ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ጫፍ ላይ ሲደርስ «ፍጥነቱ ዜሮ፣ ሽምጠጣውም ዜሮ» ማለት። ይህኛው ጎበዞቹንም ይጥላል። ፍጥነቱ ለቅጽበት ዜሮ ይሆናል፤ ሽምጠጣው ግን ያው ወደ ታች 9.8 ነው። ዜሮ ቢሆንማ ድንጋዩ እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ በቀረ ነበር።