ባጃጅ ላይ ስፒከር መቀየር፦ የድሬን ሙቀት፣ አቧራና ኮብልስቶን እንዲችል

ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ ወደ ሳቢያን ሲነዳ ባጃጁ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ዘፈኑ ይሳሳል፤ በመጨረሻ የሚሰማው የጸናጽል ጩኸት ብቻ ነው። ሹፌሩ ድምፅ ይጨምራል፣ ስፒከሩ ይንጫጫል፣ ወር ሁለት ወር ቆይቶ ይቃጠላል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአገጣጠሙ ነው። ስፒከሩ ቀጭን ፕላስቲክ ወይም ላሜራ ላይ ጀርባው ክፍት ሆኖ ሲታሰር፣ ወረቀቱ (የሚንቀጠቀጠው የስፒከሩ ፊት) ወደ ፊት የገፋው አየር ከኋላው ጋር ተገናኝቶ ይጠፋፋል፤ ቀድሞ የሚጠፋው ቤዙ ነው። በር በሌለው ባጃጅ ላይ ደግሞ የተረፈውን ነፋሱ ይወስደዋል። ሳጥን ካልተሠራለት 1,000 ዋት የተጻፈበት ስፒከርም ያው ነው።

ገበያ ከመውጣት በፊት ባትሪው በቴስተር ይለካ። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ተነስቶ ጋዝ ትንሽ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 መግባት አለበት። ከዚያ የፊት መብራቱን አብርታችሁ ሞተሩን በሚኒሞ ተዉት። ንባቡ ከ12.4 በታች ከወረደ ባትሪው እየተበላ ነው። በዚህ ላይ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ፣ ባጭሩ አምፕ) የጨመረ ሰው ማታ ባጃጅ ሲገፋ ያመሻል፤ መጀመሪያ ቻርጁ ይጠገን።

የቴፑ ካርቶን ላይ 4×50 ዋት ቢጻፍም ያ የቅጽበት ጉልበቱ ነው። ሳያቋርጥ የሚሰጠው፣ አር ኤም ኤስ የሚባለው፣ በአንድ ስፒከር ከ15 እስከ 20 ዋት ነው። ስለዚህ ስፒከር ስትገዙ ከዋቱ በፊት ዲቢውን (በአንድ ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ የሚያሳየውን ቁጥር) ጠይቁ። ባለ 93 ዲቢ ስፒከር በ20 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ለማውጣት ባለ 87 ዲቢው 80 ዋት ይፈልጋል። ለባጃጅ ባትሪ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። 6.5 ኢንች፣ 4 ኦም፣ ከ90 ዲቢ በላይ የሆነ ጥንድ ይበቃል። የወረቀቱ ዙሪያ ላስቲክ ይሁን፤ ስፖንጅ ከሆነ በድሬ ፀሐይ ደርቆ ይፈረፈራል።

ታይዋን ገበያ ስትሄዱ ቴስተሩን ይዛችሁ ሂዱ። 4 ኦም የተባለ ስፒከር ሲለካ ከ3.2 እስከ 3.8 ያነባል። ወደ 2 ከተጠጋ ቴፑን ያሞቀዋል፤ ምንም ካላነበበ ኮይሉ (ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ) ተቆርጧል። ወረቀቱን በአራት ጣት እኩል ጫን፣ ለቀቅ አድርጉት። የመፋቅ ድምፅ ከሰጠ ኮይሉ ማግኔቱን እየነካ ነውና መልሱት። ሽቦውንም በቢላ ፋቅ አድርጉ፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና ተዉት። የቤት መስመር ሽቦ እንዳትጠቀሙ፤ ድፍን ስለሆነ ኮብልስቶን ላይ ሲንቀጠቀጥ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ውስጡ ይሰበራል።

ዋናው ሥራ ሳጥኑ ነው። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ውሰዱ። ለአንድ ስፒከር የሳጥኑ ውስጥ 30 በ25 በ15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 11 ሊትር ገደማ ይሆናል። ሁለቱን አንድ ሳጥን ውስጥ ማድረግም ይቻላል፤ መሃሉ ግን ሙሉ በሙሉ ይከፈል። መገጣጠሚያውን ኮላ ቀብታችሁ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቪቴ ምቱበት፤ ከዚያ ማዕዘኖቹን በሙሉ ከውስጥ በሲሊኮን ዝጉ። ሲሊኮኑ እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ ስፒከሩን ከመግጠም በፊት አንድ ቀን ይድረቅ፤ ትነቱ ብረትና መዳብ ይበላል። ውስጡን በትራስ ፋይበር ግማሽ ያህል፣ ሳትጠቀጥቁ ሙሉት። ከስፒከሩ ጠርዝ ሥር ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ቀለበት አስገቡ፤ አቧራና አየር ይዘጋል። መዘጋቱን ለማወቅ ወረቀቱን ቀስ ብላችሁ ገፍታችሁ ልቀቁት። እየተንፏቀቀ ከተመለሰ ሳጥኑ ታሽጓል፤ ቶሎ ከዘለለ አየር የሚያወጣ ቀዳዳ አለና ፈልጉት።

ሳጥኑ ከተሳፋሪ ወንበር ጀርባ ይቀመጥ፤ ከሥሩ አሁንም ካላማዳሪያ። በአራት ባለ 8 ሚሊ ቦሎን፣ በሰፊ ሮንዴላና ላስቲክ ባለው ዳዶ እሰሩት። ተራ ዳዶ በንቅናቄው ይፈታል።

ቴፑ ብቻውን ካልበቃ በክላስ ዲ (ባትሪ በሚቆጥበው ዓይነት) የሚሠራ ባለ 2×50 ዋት አር ኤም ኤስ አምፕሊፋየር ጨምሩ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ሙሉ ጉልበቱን ሲሰጥ ወደ 10 አምፒር ይስባል። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። ከባትሪው ፖዘቲቭ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሽቦ አውጡና ከባትሪው 20 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ባለ 15 አምፒር ፊውዝ አድርጉበት። ፊውዙ አምፑ አጠገብ ከሆነ፣ በመሃል ሽቦው ተልጦ ቻሲ ሲነካ የሚያቋርጠው ነገር የለም፤ ባጃጅ የሚቃጠለው እንዲህ ነው። የአምፑን ኔጋቲቭ በቀጥታ ባትሪው ላይ እሰሩ። አምፑን የሞተር ክዳን ላይ አታስቀምጡት፤ በድሬ ቀትር ከሥር ከላይ ይጋገርና በየ20 ደቂቃው ራሱን ያጠፋል።

ብዙዎቹ ቴፖች ላይ ቢጫው በቀጥታ ከባትሪ፣ ቀዩ ከቁልፍ፣ ጥቁሩ ኔጋቲቭ ነው። ሰማያዊው፣ ብዙ ጊዜ ነጭ መስመር ያለበት፣ አምፑን የሚያስነሳ ነው፤ ካልተያያዘ አምፑ አይነሳም፣ ከባትሪ ጋር በቀጥታ ከታሰረ ደግሞ ሌሊቱን ሲበላ ያድራል። ነጭ ግራ፣ ግራጫ ቀኝ፤ ጥቁር መስመር ያለባቸው ኔጋቲቮቻቸው ናቸው። የስፒከር ኔጋቲቭ ግን ቻሲ ላይ አይታሰርም፤ የቴፑን ውስጥ ያቃጥላል።

ሁለቱ ስፒከሮች ሲጫወቱ ቤዙ ከጠፋ፣ አንዱን ስታጠፉ ደግሞ ከተመለሰ፣ አንዱ ተገልብጦ ታስሯል። የስፒከሩን ጫፎች በ1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ነካ አድርጉ፤ ፖዘቲቩ ከፖዘቲቩ ሲገናኝ ወረቀቱ ወደ ውጭ ይወጣል። ጋዝ ሲሰጥ አብሮ የሚያፏጭ ድምፅ ካለ የቴፑ ሲግናል ገመድ ከፓወሩ ሽቦ ጋር አብሮ ተጠቅልሏል፤ አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ አሳልፉ።

የአምፑን ሃይ ፓስ ፊልተር (ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠውን) 80 ወይም 100 ኸርዝ ላይ አድርጉ፤ ከዚያ በታች ያለውን ይህ ስፒከር አይችለውም፣ ባትሪውን ብቻ ይጨርሳል። ጌኑን (የአምፑን የድምፅ መጠን ማስተካከያ) ዜሮ አድርጋችሁ የቴፑን ድምፅ ሦስት አራተኛ ላይ አድርሱ፤ ከዚያ ጌኑን ቀስ በቀስ ጨምሩና መንጫጫት ሲጀምር ትንሽ መልሱት። ሳጥኑ ከተሳፋሪው ጆሮ አንድ ክንድ አይርቅም። 85 ዲቢ ጩኸት ጆሮ የሚችለው ለ8 ሰዓት ነው፤ 3 ዲቢ በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ሹፌሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው። ከኋላ «ወራጅ አለ» ሲባል ካልተሰማ ጌኑ ይቀነስ።

ከሳምንት በኋላ ካቻቢቴና ቁልፍ ይዛችሁ ቦሎኖቹንና የባትሪውን ጫፎች አንድ በአንድ አጥብቁ። ፊውዙንም በእጅ ዳሱት፤ የሚፋጅ ከሆነ መያዣው ላልቷልና ይቀየር።