ድመት ላለበት ቤት የአየር ማጣሪያ እንዴት እንደሚመረጥ

በድመት የተነሳ የሚያስነጥሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርረው ፀጉሯን ነው። ይሁን እንጂ አለርጂውን በዋናነት የሚቀሰቅሰው ፌል ዲ 1 የተባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ እሱም በድመቷ ምራቅና በቆዳዋ የቅባት ዕጢዎች ውስጥ ይመረታል። ድመቷ ራሷን ስትልስ ፕሮቲኑ ፀጉሯና ቆዳዋ ላይ ይለጠፋል፤ ከደረቀ በኋላ ከሚረግፈው የቆዳ ቅርፊት ጋር ብናኝ ሆኖ ይነሳል። ከዚህ ብናኝ ከፊሉ ከ5 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺህኛ ነው) ያነሰ በመሆኑ በዓይን አይታይም፣ አየር ላይ ተንሳፎም ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ፀጉሩ ግን ከበድ ስለሚል ወለል፣ ሶፋና ልብስ ላይ ያርፋል፤ ለእሱ መጥረጊያና እርጥብ መወልወያ ይበቃዋል። የአየር ማጣሪያ የሚገዛው ለማይታየው ብናኝ መሆኑን የያዘ ሰው ብዙ አላስፈላጊ ወጪ ይቀርለታል።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም ወይም በመጠነኛ ግቢ ቤት ድመት ለሚያሳድግ ሰው የተጻፈ ነው። አስም ያለበት ሰው ግን ማሽኑን የሐኪም ምትክ አድርጎ እንዳይቆጥረው አደራ እላለሁ።

1. አንድ ክፍል መምረጥና መለካት

አንድ ማሽን ቤቱን በሙሉ አያጣራም፤ ግድግዳና በር ያግደዋል። ስለዚህ አንድ ክፍል ይምረጡ፤ በእኔ አስተያየት ያ ክፍል መኝታ ቤት መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ሰው በቀን ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ረጅም ሰዓት አንድ ዓይነት አየር የሚተነፍሰው እዚያ ነው። አለርጂው የሚጠና ከሆነ ድመቷ ወደዚያ ክፍል እንዳትገባ ማድረግ ከየትኛውም ማሽን በላይ ይረዳል። ከዚያ በኋላ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን በሜትር ለክተው ያባዙ። 4 በ4.5 የሆነ፣ ጣሪያው 2.70 ሜትር ላይ ያለ ክፍል 48.6 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል።

2. የማሽኑን ጉልበት ማወቅ

ገዢ የሚታለለው በብዛት እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የካሬ ሜትር ቁጥር ነው፣ ሻጩም የሚጠራልዎት እሱኑ ነው። ይህን ቁጥር ለጊዜው ይተዉትና ሲኤዲአር (CADR) የሚለውን ይፈልጉ። ሲኤዲአር ማሽኑ በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ የተጣራ አየር እንደሚያወጣ የሚናገር መለኪያ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ማሽኖች በደቂቃ በኪዩቢክ ፊት ስለሚጽፉት በ1.7 ሲባዛ ወደ ሜትር ኩብ በሰዓት ይለወጣል። እነዚሁ ማሽኖች ለጭስ፣ ለአቧራና ለአበባ ብናኝ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ሊሰጡ ይችላሉ፤ የጭሱ ቁጥር እጅግ ጥቃቅን የሆነውን ብናኝ ስለሚወክል ለድመት እሱን መያዝ ይሻላል። ሲኤዲአሩ በካርቶኑም፣ በመመሪያ ወረቀቱም፣ በአምራቹ ድረ ገጽም ላይ ካልተገኘ ማሽኑን መተው ነው።

አለርጂ ላለበት ሰው የክፍሉ አየር በሰዓት 5 ጊዜ ያህል ቢጣራ ጥሩ ነው። ከላይ ያየነው ክፍል 48.6 ሲባዛ በ5፣ ማለትም 243 ሜትር ኩብ በሰዓት ይፈልጋል ማለት ነው። አሁን ወደ ካርቶኑ ቁጥር እንመለስ። ሲኤዲአሩ 240 የሆነ ማሽን፣ ጣሪያው 2.40 ሜትር በሆነ ቤት አየሩን በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ያጣራ ተብሎ ከተሰላ «ለ100 ካሬ ሜትር» ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። ሒሳቡ ውሸት የለበትም። ያው ማሽን በሰዓት 5 ጊዜ ያጣራ ከተባለ ግን የሚበቃው ለ20 ካሬ ሜትር ነው። «ሰፊ ሳሎን ይችላል» የተባለለት ማሽን አንድ መኝታ ቤት ላይ የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ከድምፁ ጋር የተያያዘ ነው። ሲኤዲአር የሚለካው ማሽኑ በከፍተኛው ፍጥነት ሲሠራ ነው፤ በከፍተኛው ፍጥነት ደግሞ አብዛኞቹ ማሽኖች ቴሌቪዥን የሚያስጨምር ድምፅ ያወጣሉ። ማታ ሰውየው እንቅልፍ ሲያጣ ተነስቶ ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ፍጥነት ያወርደዋል፣ የሚጣራው አየርም ወደ ሩብ፣ ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል። ጠዋት አፍንጫው እንደታፈነ ሲነሳ «ማሽኑ አይሠራም» ይላል። ማሽኑ ግን የታዘዘውን ነው የሠራው።

ስለዚህ የምመክረው እንዲህ ነው፦ ለክፍልዎ የሚያስፈልገውን ቁጥር በማሽኑ ከፍተኛ ፍጥነት ሳይሆን፣ ተኝተውበት ሊያድሩ በሚችሉት መካከለኛ ፍጥነት ይፈልጉት። አንዳንድ አምራቾች ለእያንዳንዱ ፍጥነት የአየሩን መጠንና የድምፁን ዴሲቤል ለየብቻ ይጽፋሉ፤ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ያለው ማሽን በዋጋ ትንሽ ቢወደድ እንኳ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ሰንጠረዥ ከሌለ የሚያስፈልግዎትን ቁጥር በግምት እጥፍ ያድርጉት፤ 243 ለሚፈልገው ክፍል ከፍተኛው ሲኤዲአር ከ450 እስከ 500 የሆነ ማሽን ማለት ነው። ትልቅ ማሽን በመካከለኛ ፍጥነት ሲሠራ፣ ትንሹ አቅሙን አሟጦ ከሚጮኸው ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። ሱቅ ውስጥ እንዲሰኩልዎት ይጠይቁና በመካከለኛው ላይ አድርገው ያዳምጡት፤ የመንገዱ ጫጫታ ስለሚሸፍነው ድምፁ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ እንደሚሰማ ግን አይርሱ። ጆሮን ጠጋ አድርጎ ማዳመጥ አያሳፍርም፤ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚያፏጭ ሞተር ቤት ሲደርስ አይሻለውም።

«አውቶ» የሚለው ቁልፍም ብዙ አይረዳም። የማሽኑ መመርመሪያ የሚነቃው ጭስ ወይም ብዙ አቧራ ሲያገኘው ነው፤ አንድን ሰው ሌሊቱን ሲያስነጥስ ለማሳደር የሚበቃው የድመት ብናኝ ለመመርመሪያው ከቁጥር ላይገባ ስለሚችል አረንጓዴው መብራት እንደበራ ማሽኑ በዝቅተኛው ፍጥነት ሊያንቀላፋ ይችላል። ፍጥነቱን በእጅ ወስነው ቀንም ሌትም ይተዉት።

3. የማጣሪያው ዓይነት

ይህኛው ቀላል ነው። በአሜሪካ መለኪያ ሄፓ (HEPA) የሚባለው 0.3 ማይክሮን ከሚያክሉ ብናኞች 99.97 በመቶ የሚይዘው ነው፤ በአውሮፓው ደረጃ ደግሞ ኤች 13 የተባለው ቢያንስ 99.95 በመቶ ይይዛል። ከሁለቱ አንዱ በግልጽ ከተጻፈ በቂ ነው። «የሄፓ ዓይነት» ወይም «ሄፓ መሰል» የሚለው ጽሑፍ ግን በየትኛውም ደረጃ የማይገዛ የሻጭ ቋንቋ ነው። ወደ ኤች 14 ለመውጣት ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ለመኖሪያ ቤት ትርፍ የለውም፤ ልዩነት የሚያመጣው ማጣሪያው ውስጥ የሚያልፈው አየር ብዛት ነው።

ዋጋ ሲከራከሩ የመለዋወጫ ማጣሪያውን ጉዳይ አብረው ያንሱ። አምራቾች ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ያገለግላል ይላሉ፤ ድመትና የአስፋልት ዳር አቧራ ባለበት ቤት ከዚያ ማነሱ አይቀርም። ለዚያ ሞዴል የሚሆን ማጣሪያ እዚሁ ከተማ ካልተገኘ፣ ማሽኑ ርካሽ ቢሆንም ዓመት ሳይሞላው የመደርደሪያ ጌጥ ይሆናል። ከማሽኑ ጋር ሁለት መለዋወጫ አብሮ መግዛት ወይም ማስመጣት ጥሩ ነው።

4. ስለ ሽታው

ሄፓ ሽታ አይዝም፤ ሽታ የሚይዘው የከሰል ማጣሪያው ነው። ችግሩ በርካሾቹ ማሽኖች ውስጥ ያለው ከሰል በስስ ስፖንጅ ላይ የተነሰነሰ ጥቁር ዱቄት መሆኑ ነው፤ ሳይቆይ ይሞላል። ከዚህም በላይ ከድመት ሽንት የሚነሳውን አሞኒያ ተራው ከሰል በደንብ አይስበውም። ስለዚህ ለሽታ ብሎ ተጨማሪ መክፈልን አልደግፍም። የድመቷን ሳጥን በየቀኑ ማጽዳትና አሸዋውን ወይም ሰጋቱራውን ቶሎ ቶሎ መቀየር ይበልጣል። ማሽኑን ከሳጥኑ አጠገብ ማድረግ ደግሞ ከቶ አይገባም፤ ድመቷ በጫረች ቁጥር የሚነሳው አቧራ በቀጥታ ወደ ማጣሪያው ይገባል።

5. የማይገዙት

«ኦዞን ያመነጫል» የተባለውን ማሽን በነጻ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ። ኦዞን የሰውንም የድመትንም ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ነው፤ የካሊፎርኒያ ግዛት በዚያ የሚሸጡ የአየር ማጽጃዎች ከ0.050 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ አየር 0.050 እጅ) በላይ ኦዞን እንዳያወጡ በሕግ ወስኗል። «አዮን» የሚለው ቁልፍ ያለው ማሽን ጥቂት ኦዞን ሊያወጣ ስለሚችል፣ ቁልፉ ለብቻው የሚጠፋ መሆኑን ያረጋግጡና አጥፍተው ይተዉት። ሽቶ የሚጨመርበት ትንሽ መሳቢያ ያላቸውም አሉ። የድመት ጉበት በሽቶ ዘይቶች ውስጥ ያሉትን ብዙ ንጥረ ነገሮች እንደ ሰው ጉበት ማስወገድ ስለማይችል፣ የባሕር ዛፍና የሻይ ዛፍ ዘይትን የመሳሰሉት ሊመርዟት ይችላሉ፤ መሳቢያው ባዶውን ይቅር።

6. ከድመቷ ጠባይ አንጻር

ሞቅ ያለና ከፍ ያለ ነገር ላይ መውጣት ድመት የምትወደው ነገር ነው። አየር የሚወጣበት ወንፊት ከላይ ከሆነ ትተኛበታለች፣ አየሩም ይታፈናል፣ ፀጉሯም ወደ ውስጥ ይረግፋል። ስለዚህ አናቱ ዘቅዘቅ ያለ ወይም አየሩን በጎን የሚያወጣ ቢሆን ይመረጣል። በመዳፏ ስትረግጠው የሚጠፋ የመንካት ቁልፍ ያለው ከሆነ የልጆች መቆለፊያ ይኑረው። ስትዘልበት የሚገለበጥ ቀላል ማሽን አይሆንም፤ ገመድ የምታኝክ ከሆነችም ገመዱን ከዕቃ ጀርባ ያሳልፉት። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት አዲስ ዕቃ ላይ ሽንቱን ሊረጭ ይችላል፤ ሽንት የገባበት ማጣሪያ ደግሞ ከመጣል ሌላ መላ የለውም።

7. መብራት

ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚላክ ማሽን ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ ሶኬት 220 ነው። የሶኬቱን ቅርጽ የሚቀይረው ትንሹ አዳፕተር ቮልቱን አይቀንስም፣ ስለዚህ ማሽኑ በተሰካበት ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። አንድ ዘመዴ ውድ ማሽን በዚህ መንገድ ከካርቶኑ ባወጣበት ቀን አጥቷል። ከጀርባው የተለጠፈው ወረቀት «220–240 ቮልት» ወይም «100–240 ቮልት» ካላለ አይሰኩት። ከዱባይ የሚመጣው በቮልት ረገድ ይስማማል፣ ባለ ሦስት እግሩ ሶኬት ብቻ መቀየሪያ ይፈልጋል።

ብዙ ሰው የማይጠይቀው ሌላም ነገር አለ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ በራሱ ይነሳል ወይስ ጠፍቶ ይቀራል? ሱቅ ውስጥ እየሠራ ሳለ ሶኬቱን ነቅለው ይመልሱትና ይዩት። ባለ ማዞሪያ ቁልፍ የሆኑት ተራዎቹ በአብዛኛው ይነሳሉ፤ አንዳንዶቹ ዘመናውያን ግን ባለቤቱ እስኪመጣ ይጠብቃሉ።

8. ማስቀመጥና መያዝ

መጀመሪያ ክዳኑን ይክፈቱ። አዲስ ማጣሪያ ብዙ ጊዜ በላስቲክ ታሽጎ በማሽኑ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሳይከፍተው ወራት የሚያሠራው ሰውም ጥቂት አይደለም። ላስቲኩን ካወጡ በኋላ ማሽኑን ከግድግዳና ከመጋረጃ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አርቀው ያስቀምጡት፤ በሩ ይዘጋ።

ዕጣን የሚጨስበትና ቡና የሚቆላበት ክፍል ውስጥ ማሽኑን አያሠሩት፤ ጭሱ ማጣሪያውን ቶሎ ይሞላዋል፣ ሽታውም እዚያው ይቀራል። ከሰል ሲቀጣጠል ደግሞ መስኮት መከፈት አለበት፣ ምክንያቱም ሄፓም ሆነ የከሰል ማጣሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያስወግድም።

ከውጭ ያለው የመጀመሪያው ወንፊት ድመት ባለበት ቤት በሳምንት ውስጥ ግራጫ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። በየሳምንቱ በቫኪዩም ወይም በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት፤ መመሪያው ከፈቀደ ይታጠባል፣ ከመመለሱ በፊት ግን በደንብ ይድረቅ። ሄፓውን ግን በውሃ አይንኩት፤ እጥፋቶቹ ንጹሕ ቢመስሉም ቃጫው ይበላሻል። ምንጣፉና የአልጋ ልብሱ ካልታጠቡ የተቀመጠው ብናኝ በእያንዳንዱ እርምጃ መልሶ ስለሚነሳ፣ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ የሚታጠብ አንሶላ የማሽኑን ሥራ ያቀልለታል። ድመቷ ከዚያ ክፍል ከታገደች በኋላም የቀድሞው ብናኝ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል በሳምንት ለውጥ አላየሁም ብሎ ማሽኑን መሸጥ አይገባም።

ማጣሪያውን የሚቀይሩበት ቀን ሲደርስ አለርጂ የሌለበት የቤተሰብ አባል ቢያወጣው ይመረጣል። በረንዳ ላይ ሆኖ፣ አፍንጫን ሸፍኖ፣ ሳያራግፉ በፌስታል ጠቅልሎ መጣል ነው። አዲሱ በገባበት ቀን ቀኑን በእስክሪብቶ ጠርዙ ላይ ይጻፉ፤ የብዙዎቹ ማሽኖች የማስታወሻ መብራት የሚቆጥረው የሠራባቸውን ሰዓታት ብቻ ስለሆነ የድመቷን ፀጉርና የመንገዱን አቧራ አያውቅም።