ለማህበረሰብ አገልግሎት ስንወጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

ተማሪ ሳለሁ ለማህበረሰብ ተኮር ትምህርት ከከተማ ወጣ ወዳለች አንዲት ቀበሌ ተመደብን። ርዕሳችን የእጅ መታጠብ ነበር። ፖስተር ሠርተናል፣ ሳሙና ገዝተናል፣ አጭር ድራማም አጥንተናል። ሁሉም አለቀና «ጥያቄ ያለው?» አልን። አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ልጆቼ፣ ያላችሁት ሁሉ እውነት ነው። ውሃውንስ ይዛችሁ መጣችሁ?» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እኛ አልሳቅንም።

የቀበሌዋ የእጅ ፓምፕ ከተበላሸ ወራት አልፎት ነበር። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ወንዝ ይወርዳሉ። እኛ በዚያ ፓምፕ አጠገብ ሁለት ቀን ሙሉ ተመላልሰናል። ወረፋ የቆመ ጀሪካን አለመኖሩን እንኳ ልብ አላልንም።

ዛሬ እኔው ተማሪ ይዤ እወጣለሁ። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች ገሚሱን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፣ ገሚሱን በየዓመቱ ሲሠሩ አያለሁ።

አስቀድሞ አንድ ነገር። እያገለገሉ መማር አገራችን ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የህዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማህበረሰብ ነርሱንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ቡድን ገጠር እያወጣ ነበር የሚያሠለጥነው። ቲቲፒ የምንለው፣ የተለያየ ሙያ ተማሪዎች በቡድን ገጠር ወጥተው የሚሠለጥኑበት ነገር፣ ሥሩ እዚያ ነው። ጅማም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ትምህርቱን በዚሁ መንገድ ገንብቷል። የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ1957 ዓ.ም. አንስቶ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹ መምህር ሆነው። አንድ ዓመት! እኛ በሁለት ሳምንት «የማህበረሰቡን ችግር ፈታን» ብለን ሪፖርት እንጽፋለን።

መልሱን ከግቢ ይዞ መሄድ

ፕሮፖዛሉ ዶርም ውስጥ ተጽፎ ያልቃል። በጀት ለማስፈቀድ ርዕስ ያስፈልጋላ። ርዕስ ካለ ደግሞ ሰው የሚሄደው ያንኑ ርዕስ ፍለጋ ነው። የእጅ መታጠብ ብሎ የወጣ ሰው ፓምፕ አይታየውም።

እኔ አሁን ለተማሪዎቼ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ያለ ወረቀት እሰጣቸዋለሁ። ወፍጮ ቤት ደጃፍ ተቀመጡ እላለሁ። ውሃ የሚቀዳበት ሂዱ። እድር የሚሰበሰብ ከሆነ አስፈቅዳችሁ ጥግ ይዛችሁ አዳምጡ። በተለይ እድር ትልቅ ነገር ነው። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተቸገረ፣ ማን እንደሚደመጥ እዚያ ይታወቃል። ርዕሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የበጀት ክፍሉ ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም።

መጠይቅ ሞልቶ መጥፋት

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ለዩኒቨርሲቲ ቅርብ የሆኑ ቀበሌዎች በየዓመቱ ይጠየቃሉ። ጤና ይመጣል፣ ግብርና ይመጣል፣ ሶሺዮሎጂ ይመጣል። ሁሉም «ስንት ልጅ አለዎት? መጸዳጃ ቤት አለዎት?» ይላል። ሁሉም መልሱን ይዞ ይሄዳል። የተመለሰ የለም። አንድ አባት ተማሪዎቼን «ያምናውን ወረቀት ምን አደረጋችሁት?» ብለው ጠየቋቸው። ልጆቹ ዞረው እኔን አዩኝ። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም።

ሌላም ጣጣ አለው። ማን እንደላከህ ያልገባው ሰው መልሱን እንደ ግምቱ ያስተካክለዋል። እርዳታ ሊመጣ ነው ብሎ ካሰበ ቤተሰቡ ይበዛል። ግብር ነው ብሎ ከጠረጠረ ከብቱ ያንሳል። ተማሪ ሳለሁ አንድ አባወራ ስንት በሬ እንዳላቸው ጠየቅኳቸው። «አንድ» አሉኝ። ከኋላቸው ሦስት በሬ ቆሞ ያመሰኳል። እኔ ደግሞ እንደ ጅል «1» ብዬ ጻፍኩ። ከቀበሌ ሹም ጋር ተያይዘን መምጣታችን እንዳስፈራቸው የገባኝ ቆይቶ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ዘንድ ሂዱ። የየቤተሰቡን ማህደር የያዘችው እሷ ናት። እዚያ ያለውን ነገር ሰውን ደግሞ ማድከም ነውር ነው። ሁለተኛ፣ መጠይቁን አሳጥሩት። «ይህን መልስ ምን አደርግበታለሁ?» ሲባል መልስ የሌለው ጥያቄ ይውጣ። የእኛ አንድ ጊዜ ከ80 ጥያቄ ወደ 19 ወርዷል። ሦስተኛ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ያገኛችሁትን በአንድ ገጽ፣ በአካባቢው ቋንቋ ጻፉና ሰብስባችሁ አንብቡላቸው። የተሳሳተ ካለ እዚያው ያርሟችኋል። ሳቅ ያለበት እርማት ነው፤ አትፍሩት።

የግቢውን ካላንደር ለገበሬው ማስታቀፍ

ሬጅስትራር ኅዳር ላይ ውጡ ካለ ይወጣል። ኅዳር ግን አጨዳ ነው። ሰዉ ማሳ ላይ እያለ በር ብታንኳኩ የምታገኙት ሕጻንና ሽማግሌ ነው። ከዚያ ሪፖርቱ ላይ «የማህበረሰቡ ተነሳሽነት ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ይህን ዓረፍተ ነገር ባየሁ ቁጥር በቀይ እሰርዘዋለሁ።

ወሩን መቀየር ካልተቻለ ቀኑን ምረጡ። ኦርቶዶክስ ክርስቲያን በሚበዛበት ገጠር በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም ገበሬው አያርስም፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ይገኛል። ሙስሊም በሚበዛበት አካባቢ አርብ ከጁምዓ በኋላ ነው። የገበያ ቀን ደግሞ ለስብሰባ አይሆንም፣ ለወሬ ግን ይመቻል።

አባወራውን ብቻ ማነጋገር

እንግዳ ሲመጣ ወንበር የሚሰጠው፣ የሚናገረውም አባወራው ነው። እናት ጓዳ ናት፣ ቡና እያፈላች ሁሉንም ትሰማለች። ስለ ውሃ፣ ስለ ልጅ ተቅማጥ፣ ስለ ማገዶ የምታውቀው ግን እሷ ናት። ከቡድኑ ሴት ተማሪዎች ጓዳ ይግቡ፣ ቡናውንም ያግዙ። እንደ ባህል ይመስላል እንጂ ሥራው እዚያ ነው የሚሠራው። ነጭ ጋዋንም አውልቁ። ጋዋን ያየ ሰው በሽታውን እንጂ ኑሮውን አይነግራችሁም።

ቃል መግባት

ለአፍ ዳገት የለውም። «ለሚመለከተው አካል እናሳውቃለን» ማለት ቀላል ነው። ሰውየው ግን ያንን ይዞ ይጠብቃል።

ጉዳቱ በግልጽ የሚታየው በሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ነው። ሥራው ግሩም ነው። ጠበቃ ለመክፈል አቅም የሌላት ሴት የቀለብ አቤቱታዋን ተማሪ ይጽፍላታል። ተማሪውም ክፍል ውስጥ የማያገኘውን ይማራል። ችግሩ ፈተና ሲደርስ ይመጣል። ተማሪው ላይብረሪ ይገባል፣ ፋይሉ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ የሚጠየቀው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ሰዓቱ ሚድ ይሁን ፋይናል አይጠይቅም። እናም ፋይል የሚቀበል ማዕከል ተማሪው ሲሄድ ማን እንደሚረከበው አስቀድሞ ይጻፍ። ረካቢ ከሌለ አትቀበሉ። «አንችልም» ብሎ በጊዜ መናገር ራሱ እርዳታ ነው፤ ሴትዮዋ ሌላ በር ታንኳኳለች።

ባነርና ፎቶ

አጭር ልበል። ተማሪዎች የአንዲት አሮጊት ጣሪያ ላይ ስድስት ቆርቆሮ መቱ፣ አርባ ሰው ፎቶ ተነሣ፣ ቴሌግራም ላይ ተለጠፈ። እማማ ግን የልጅ ልጃቸው ስልኩን ሲያሳያቸው ነው ቤታቸው የአገር መነጋገሪያ መሆኑን ያወቁት። አስፈቅዱ። «እሺ» ካሉም ፊታቸውን ሳይሆን ቆርቆሮውን አንሡ። የባነሩ ገንዘብ ደግሞ የሚስማር ይሁን።

ችግኝም ያው ነው። ተክሎ መመለስ ማንም ይችላል። በጥር ማን ያጠጣዋል?

ሪፖርቱን ትምህርት ማድረግ

የእኛ ኮርስ ከተራ በጎ ፈቃድ የሚለየው ማርክ ስላለውና ከትምህርቱ ጋር ስለሚያያዝ ነው። በክረምት ደም የለገሰ ልጅ መልካም ሠርቷል፤ ከዚያ ተነሥቶ ስለ ደም ባንክ አሠራር ካልጠየቀ ግን ኮርስ አልወሰደም።

ማርኩ በሪፖርት ውፍረት ከሆነ ተማሪው እንዴት እንደሚያወፍረው ያውቃል። ያምናው ሪፖርት በፍላሽ ይገኛል፣ የቀበሌው ስም ይቀየራል፣ ይታተማል። አንዴ ቆላ ወርደው የመጡ ልጆች ሪፖርት ላይ «አካባቢው ደጋ ሲሆን ገብስ ያመርታል» የሚል አንብቤያለሁ። ልጆቹ በላብ ተጠምቀው ነበር የተመለሱት!

አሁን ከማርኩ ግማሹን ለማታ ወሬ እሰጣለሁ። ማታ ማታ እንቀመጣለን። ሦስት ጥያቄ ብቻ አለኝ። ዛሬ ምን ገረመህ? ከተማርከው የትኛው አልሠራ አለ? ነገ ምን ትቀይራለህ? መጀመሪያ ሰሞን ዝም ይላሉ። በሦስተኛው ቀን ማስቆም ያቅታል። ይህ እንዲሆን ግን መምህሩ እዚያው ማደር አለበት። አበል ፈርሞ ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማ የሚመለስ ሱፐርቫይዘር ማታ የሚባለውን አይሰማም።

ሁልጊዜ ከዜሮ መጀመር

የዘንድሮው ቡድን ያምናው ቡድን ምን እንደሠራ አያውቅም። አዲስ ካርታ ይሥላል፣ አዲስ ችግር ይለያል፣ ያንኑ ፖስተር ይሠራል። ሁለት ሳምንት አጭር የሚሆነው እያንዳንዱ ሁለት ሳምንት ብቻውን ሲቆም ነው። አንድ ቀበሌ ይዛችሁ አምስት ዓመት ተመላለሱ። የመጀመሪያዎቹ ያውቁ፣ ሁለተኞቹ ይጀምሩ፣ ሦስተኞቹ ያርሙ።

የፓምፗ ቀበሌ ከዓመታት በኋላ ለእኔ ተማሪዎች ደረሰች። ፓምፑን ያሠራነው እኛ አይደለንም። ሰዎቹ ራሳቸው አዋጥተው፣ ወረዳውን ወጥረው አሠርተውታል። የእኛ ልጆች የሠሩት ትንሽ ነገር ነው። ፓምፑ በተበላሸ ቁጥር ቀኑንና የተበላሸውን ዕቃ የሚመዘግብ ደብተር ከውሃ ኮሚቴው ጋር ጀመሩ። ዘንድሮ የሄዱት ደብተሩን ሲከፍቱ ዕቃው ሁልጊዜ አንድ መሆኑን አዩ፤ ጎማው ነው። አሁን ትርፍ ጎማ የሚገዛበትን ብር ከየት እንደሚያወጡ ከኮሚቴው ጋር እየተከራከሩ ነው። ክርክሩ ሳያልቅ ሁለት ሳምንታቸው አለቀ። ደብተሩን ጸሐፊዋ ዘንድ ትተውት መጥተዋል።