ለመልካም ምኞት ካርድ ተደራቢ ወረቀቶችን እንዴት ለክቶ መቁረጥ ይቻላል

በጎንደር የነሐሴ ወር መጨረሻ ሲቃረብ ልጆች አበባና መልአክ መሳል ይጀምራሉ፤ መስከረም 1 ቀን ማለዳም ሥዕላቸውን ይዘው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላሉ። ያ ሥዕል አንድ ነጠላ ወረቀት ስለሆነ ብዙ ልኬት አይጠይቅም። ሁለትና ሦስት ዓይነት ቀለም ያለው ወረቀት አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብበት የመልካም ምኞት ካርድ ግን ውበቱን የሚያገኘው ከሥዕሉ ይልቅ በሥዕሉ ዙሪያ እኩል ሆኖ ከሚታየው የቀለም ጠርዝ ነው። ይህ ጠርዝ እንደ ነጠላ ጥለት ነው፤ አንዱ ወገን ሰፍቶ ሌላው ከጠበበ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው።

ጠርዙ የሚዛባው ብዙ ጊዜ እጅ ስለተንቀጠቀጠ አይደለም። እያንዳንዱ ተደራቢ ወረቀት ከሌላው ተለይቶ፣ ለብቻው ስለሚለካ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ከፖስታው ተነሥቶ ወደ ካርዱ፣ ከካርዱም ወደ ተደራቢዎቹ የሚወርድ ነው፤ እያንዳንዱ ልክ ቀድሞ ከተቆረጠው ወረቀት ላይ በመቀነስ ይገኛል።

ሥራው የሚጀምረው ከፖስታው ነው። ወረቀት እንደተፈለገ ይቆረጣል፣ ፖስታ ግን በተገኘው ልክ ይወሰዳል፤ ስለዚህ በፒያሳም ሆነ በአራዳ ወደሚገኝ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ፖስታውን፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ቢመርጥ ይሻላል። ለእጅ ሥራ ካርድ የሚመቸው ሲ6 የሚባለው ፖስታ ሲሆን ልኩ 114 በ162 ሚሊ ሜትር ነው። ታጥፎ የኤ4 ወረቀት አንድ አራተኛ የሚሆን፣ 105 በ148 ሚሊ ሜትር የሆነ ካርድ፣ ተደራቢዎቹ ውፍረት ቢጨምሩበትም እንኳ ሳይጨነቅ ይገባበታል። ለደብዳቤ የሚያገለግለው ረጅም ፖስታ 110 በ220 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ይህ ካርድ በውስጡ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፤ የተገኘው ፖስታ እርሱ ብቻ ከሆነ ካርዱን ራሱን ወደ 99 በ210 ሚሊ ሜትር ማስረዘም ይሻላል፤ ያን ጊዜ ግን ከአንድ ኤ4 የሚወጣው አንድ ካርድ ብቻ ነው።

የወረቀት ውፍረት የሚነገረው በአንድ ካሬ ሜትር ክብደቱ ነው። ለፎቶ ኮፒ የምንጠቀምበት ተራ ወረቀት በአብዛኛው 80 ግራም ስለሆነ ለካርድ መሠረት አይሆንም፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቆም ይጎብጣል። ለመሠረቱ ከ200 እስከ 300 ግራም፣ ለተደራቢዎቹ ደግሞ ከ120 እስከ 160 ግራም የሆነ ወረቀት በቂ ነው። ሁሉንም ከወፍራም ወረቀት መሥራት ካርዱን ከማክበድ በቀር የሚጨምርለት ነገር የለም።

ከመሣሪያዎቹ መካከል ገንዘብ ሳይሰሰት እንዲወጣበት የምመክረው ማስመሪያው ላይ ነው። የብረት ማስመሪያ ይፈለጋል፤ የፕላስቲኩን ጠርዝ ካተር እየፋቀ ስለሚያበላሸው ከጥቂት ቁርጥ በኋላ መስመሩ ቀጥ ማለቱን ያቆማል። በተጨማሪም በብዙ ማስመሪያዎች ላይ ዜሮው የሚጀምረው ከጫፉ ሳይሆን ጥቂት ገባ ብሎ ስለሆነ፣ ከመለካት በፊት ያንን ማየት ይገባል። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልጉት በደንብ የተቀረጸ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ስለቱ አዲስ የሆነ ካተር፣ ባለ ቀጥ ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ማስመሪያ፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶና ከሥር የሚነጠፍ ወፍራም ካርቶን ናቸው። መስተዋት ላይ መቁረጥ ስለቱን ቶሎ ያደንዘዋል። መቀስ ለክብና ለአበባ ቅርጽ ይጠቅማል እንጂ ለረጅም ቀጥ መስመር አይታመንም።

አሁን መሠረቱን እንቁረጥ። ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው፤ ረጅሙ ጎን ለሁለት ሲከፈል 148.5 ይሆናል። ግማሽ ሚሊ ሜትርን በእርሳስ ለማመልከት መታገል ስለማያስፈልግ ከሁለቱም ጫፍ 148 ለክተው ምልክት ያድርጉ፤ በመካከል የሚተርፈው የ1 ሚሊ ሜትር ክር ይጣላል፤ ሁለቱም ቁራጮች 148 በ210 ሆነው ይወጣሉ። ምልክቱን አንድ ቦታ ብቻ አድርጎ ማስመሪያውን በግምት ማስተካከል ስለማይበቃ፣ በእያንዳንዱ መስመር ላይኛውና ታችኛው ጠርዝ አጠገብ አንዳንድ ምልክት ይደረግ። ከቆረጡ በኋላ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ ሁለቱም ወደ 257 ሚሊ ሜትር ከመጡ ወረቀቱ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤ ከተለያዩ ግን አንዱ ማዕዘን ዘሟል ማለት ነው። ጎኖቹ ትክክል ሆነው ማዕዘኑ የዘመመ ወረቀት በማስመሪያ ብቻ አይታወቅም፤ ተደራቢው ሲለጠፍበት ነው የሚያጋልጠው።

ከማጠፍ በፊት የወረቀቱን የጭረት አቅጣጫ ማወቅ ይገባል። ወረቀት የተሠራበት ጭረት በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ የተኛ ነው፤ በዚያ አቅጣጫ ሲታጠፍ በቀላሉ ይታዘዛል፣ ሲያቋርጡት ግን ያንገራግራል፤ ወፍራም ከሆነም እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ይህን ለማወቅ ወረቀቱን ሳይሰብሩ በሁለት እጅ አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ በወርዱ ጎበጥ አድርጎ መሞከር ይበቃል፤ ብዙም ሳይቃወም ሲጎብጥ የጉብታው መስመር የሚሄድበት የጭረቱ አቅጣጫ ነው። በኤ4 ወረቀት ላይ ጭረቱ ብዙውን ጊዜ ከረጅሙ ጎን ጋር አብሮ ስለሚሄድ፣ ከላይ እንደተባለው ተቆርጦ ወርዱ 105 ላይ የሚታጠፍ ካርድ እጥፋቱ ከጭረቱ ጋር ይስማማል። ተደራቢዎቹም ጭረታቸው በዚያው አቅጣጫ ቢሆን ይመረጣል፤ ወረቀት እርጥበት ሲስብ ይበልጡን የሚሰፋው ጭረቱን በሚያቋርጠው አቅጣጫ ስለሆነ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የተለጠፉ ሁለት ወረቀቶች ይጓተቱና ካርዱን ያጎብጡታል። ለእንቁጣጣሽ የሚሠራ ካርድ ደግሞ የሚዘጋጀው በክረምቱ ውስጥ ነው፤ ጎንደር በዚያ ወቅት ምን ያህል እንደምትርስ ነዋሪው ያውቀዋል። ስለዚህ የተገዛው ወረቀት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በአግድም ይቀመጥ እንጂ ግድግዳ ተደግፎ አይቁም።

ለማጠፍ 210ውን ወርድ 105 ላይ ምልክት አድርገው፣ ማስመሪያውን አስደግፈው ቀለሙ ባለቀው እስክሪብቶ ጫን ብለው ያስምሩ። ወረቀቱ አይቀደድም፣ ይሰረጎዳል። ሲያጥፉት ስርጉዱ በውጭ፣ በጀርባው የተነሣው ጉብታ በውስጥ ይሁን፤ ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርገዋል፤ እጥፋቱ የሚሻክረውም ያን ጊዜ ነው። ከታጠፈ በኋላ የፊቱን ገጽ እንደገና መለካት ግድ ነው፤ ወፍራም ወረቀት በእጥፋቱ ላይ ጥቂት ስለሚበላ 105 የነበረው 104 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስሌቱ የሚነሣው ከዚህ አዲስ ልክ ነው፤ በወረቀት ላይ ተጽፎ ከነበረው ልክ አይደለም።

ቅነሳው ራሱ ቀላል ቢሆንም ተደጋግሞ የሚሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ጠርዙ በሁለት ወገን ስለሚታይ ሁለት ጊዜ ይቀነሳል። በዙሪያው 3 ሚሊ ሜትር እንዲታይ የፈለገ ሰው ከወርዱም ከቁመቱም 3 ሳይሆን 6 ይቀንሳል። ስለዚህ 105 በ148 በሆነ ካርድ ላይ የመጀመሪያው ተደራቢ 99 በ142 ይሆናል፤ ሁለተኛው በተመሳሳይ ጠርዝ 93 በ136፤ ሦስተኛው፣ ሥዕሉ ወይም ጽሑፉ የሚያርፍበት፣ 5 ሚሊ ሜትር ጠርዝ ቢተውለት 83 በ126 ይሆናል። ሁሉንም ጠርዞች እኩል ከማድረግ ይልቅ ሁለቱን ጠባብ፣ የመጨረሻውን ሰፋ ማድረግ ለእኔ ያምረኛል። ከ3 ሚሊ ሜትር የጠበበ ጠርዝ ግን ለጀማሪ አይመከርም፤ የ1 ሚሊ ሜትር ስሕተት በ5 ሚሊ ሜትር ጠርዝ ላይ አንድ አምስተኛ ስለሆነች ታልፋለች፣ በ2 ሚሊ ሜትር ጠርዝ ላይ ግን ግማሹን ትበላለች።

ልኩ ከታወቀ በኋላ ካተሩን ከማንሣት በፊት ከአንድ ወረቀት ስንት እንደሚወጣ ማሰብ ገንዘብ ያተርፋል። ከኤ4 ወረቀት 99 በ142 የሆነ አራት ይወጣል፤ 93 በ136ም እንዲሁ አራት። 83 በ126 የሆነው ግን በተራው መንገድ አራት ሲሆን፣ አደራደሩ ከተለወጠ አምስት ይሰጣል፦ መጀመሪያ ከወርዱ 126 የሚሆን ረጅም ቁራጭ ይወሰድና ከእርሱ ሦስት ይቆረጣል፤ በቀረው የ84 ቁራጭ ላይ ደግሞ ሁለቱ በቁመታቸው ይተኛሉ። የሚተርፈው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ይህ ለጠነከረ እጅ ነው፤ በዚያ ላይ የሁለቱ ጭረት ከሦስቱ ጭረት ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ቀጭን ካልሆነ በቀር አልመርጠውም።

በመቁረጥ ጊዜ ቆሞ፣ ከላይ ወደ ታች በቀጥታ እያዩ መሥራት ይሻላል፤ በጎን ያየ ሰው የእርሳሱን መስመር ከማስመሪያው ጋር ሲያስተያይ ይሳሳታል። ማስመሪያው የሚተኛው በሚቀረው ወረቀት ላይ ነው፤ ስለቱ ቢያመልጥ ጉዳቱ በሚጣለው ክፍል ላይ እንዲያርፍ። ጣቶች ከማስመሪያው ጠርዝ ገባ ብለው ይቀመጡ። አንዴ በኃይል ከመጫን ይልቅ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀላሉ መሳብ ይገባል፤ የመጀመሪያው መንገድ ያወጣል፣ የቀሩት ይቆርጣሉ። ጠርዙ እንደ ጸጉር መበጣጠስ ሲጀምር የስለቱን ጫፍ መስበር ነው። ሕፃናት ባሉበት ቤት የተሰበረው ጫፍ በፕላስተር ተጠቅልሎ ይጣል።

ካርዱ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ እያንዳንዱን መለካት ይቻላል። ለሠርግ ወይም ለምረቃ በርከት የሚል ከሆነ ግን ለእያንዳንዱ ተደራቢ ከጠንካራ ካርቶን አንድ መለኪያ ቆርጦ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ማዕዘኖቹን በመርፌ ጫፍ እየወጉ ልኩን ማስተላለፍ ይበልጣል። በብራና መጻሕፍት ገጽ ላይ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው በጠርዙ በኩል በወስፌ የተወጉ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ያገኛል፤ ጸሐፊው ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያለ ቀለም በሹል ነገር ያሰምራል፤ ቀዳዳዋም እንደ እርሳስ መስመር ውፍረት ስለሌላት ልኩን አታንሻፍፍም። በእኛም ሥራ የመርፌዋ ምልክት በላጲስ መጥፋት አያስፈልጋትም፤ ስለቱ በላይዋ ያልፍና አብራ ትሄዳለች። ፎቶ ኮፒ ቤት ባለው መቁረጫ የሚያስቆርጥ ሰው ደግሞ ወረቀቱን በትንሽ በትንሹ ይስጥ፤ ብዙ ወረቀት በአንድ ጊዜ ሲጫን ከሥር ያሉት ሸርተት ይላሉ።

አንድ ቁጠባ አለ። ከሥር የሚውለው ተደራቢ መካከሉ ስለማይታይ፣ ከሚታየው የ3 ሚሊ ሜትር ጠርዝ ሌላ ከላዩ ለሚያርፈው ወረቀት ማጣበቂያ የሚሆን 10 ሚሊ ሜትር በዙሪያው ትቶ የቀረውን አውጥቶ መውሰድ ይቻላል። ከ99 በ142ቱ ተደራቢ 73 በ116 የሆነ ቁራጭ ይወጣል፤ እርሱም ለሌላ ትንሽ ካርድ ይሆናል። ካርዱም ከሩቅ ሳይታወቅ ቀጠን ይላል፣ በፖስታው ውስጥ አይወጠርም።

ከላይ የሚቀመጠው ፎቶግራፍ ከሆነ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነው የተለመደው ልክ ከካርዱ ቁመት ስለሚበልጥ እንዳለ አይሆንም። ወደ 83 በ126 ሲወርድ ከወርዱ 17፣ ከቁመቱ 24 ሚሊ ሜትር ይቀነሳል፤ ቅነሳው ግን በአራቱም ወገን እኩል መሆን የለበትም። ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የሚሰጥ ካርድ ከሆነ ከእግር በኩል ይቀነስ እንጂ ከቆቡ በኩል አይነካ። የፋሲል ግንብ ከሆነም ከሰማዩና ከሣሩ ይወሰድ፤ የማማዎቹ ጉልላት ከተነካ ግንቡ ሌላ ሕንፃ ይመስላል። የት እንደሚቆረጥ ለመወሰን በ83 በ126 ልክ የተቀደደ የመስኮት ቅርጽ ያለው ወረቀት በፎቶግራፉ ላይ እያንሸራተቱ መመልከት ይረዳል።

ሲለጠፍ የመጨረሻዎቹ ሁለት ተደራቢዎች ቀድመው እርስ በርስ ይጣበቁ፣ ከዚያ ወደ ታች ይወረድ፤ በመሠረቱ ላይ አንድ በአንድ እየለጠፈ የሚወጣ ሰው የመጀመሪያውን መዛነፍ እስከ ላይ ይሸከማል። ፈሳሽ ኮላ ወረቀቱን ስለሚያረጥበውና ስለሚያጎብጠው ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ወይም በትር ኮላ ይመረጣል። ለማስተካከል 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት፣ ከወረቀት የተቆረጠች ቀጭን ክር በጠርዙ ላይ አስቀምጦ ተደራቢውን እስክትነካ ድረስ ማስጠጋት፣ ከዚያም ወዲያው ክሯን ማንሣት ነው።

መሠረቱ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ሌላ ጠቆር ያለ ቀለም ከሆነ በውስጡ ለጽሑፍ የሚሆን 95 በ138 ነጭ ወረቀት ይግባበት፤ እርሱም የሚጣበቀው በእጥፋቱ አጠገብ ባለው አንድ ጠርዝ ብቻ ነው። የተጠናቀቀው ካርድ በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል ሆኖ ከከባድ መጻሕፍት ሥር ይደር፤ ወደ ፖስታው የሚገባው በማግስቱ ነው።