እማማን ሲያዞራቸው ምን እናድርግ?

አራት ኪሎ አካባቢ የምሠራ ነርስ ነኝ። እዚህ ሰፈር ትልቅ ሰው አዞሯቸው ከወደቁ ምርመራው በር ላይ ያልቃል፦ "ግፊት ነው"፣ "ጾሙ ነው"፣ "ዕድሜ ነው"። ሊሆን ይችላል። እናንተ ግን መጀመሪያ የልብ ምታቸውን ቁጠሩ።

እማማ ቁጭ ብለው ትንሽ ይረፉ። ቡናው ይቆይ። ጠቋሚና መሐል ጣታችሁን በአውራ ጣታቸው በኩል፣ አንጓቸው ላይ አሳርፉ። በአውራ ጣታችሁ አትዳስሱ፤ የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታል። ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለሚዘል ምት አይሆንም።

ያረፈ አዋቂ ልቡ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ይመታል። 50ዎቹ ውስጥ ሆኖ ምንም የማይሰማው ጤነኛ አለ፣ በተለይ ሯጭ። 30ዎቹ ውስጥ ከገባ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ፣ ደረታቸውን ካመማቸው፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ነገ አይባልም። 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ፤ ወይም ቅርባችሁ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

የመድኃኒት ከረጢታቸውን እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ። "ነጯ ክኒን" ማለት ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ዲጎክሲን የልብ ምት ያዘገያሉ። ችግሩ ከመድኃኒት ወይም ከፖታሲየም መብዛት ከመጣ፣ እሱ ሲስተካከል ፔስሜከር (ከደረት ቆዳ ሥር ተቀብሮ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታ ትንሽ መሣሪያ) ላያስፈልግ ይችላል። በራሳችሁ ግን ምንም አታቋርጡ።

ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) ሀርት ብሎክ ካሳየ ነገሩ የደም ሥር መዘጋት አይደለም። ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው የሚወርደው የኤሌክትሪክ መልእክት ዘግይቷል ወይም ተቋርጧል። ጨርሶ ሲቋረጥ ታችኛው ክፍል በራሱ፣ በዝግታ ይመታል። ፔስሜከር ብዙ ጊዜ የሚገባው ያኔ ነው።

ፔስሜከሩ ከተገጠመ በኋላ፣ በተገጠመበት በኩል ያለው ክንድ ሐኪሙ እስኪፈቅድ፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ከትከሻ በላይ አይነሳ። አስሮ ማስቀመጥም አይደለም፤ ትከሻው ይደርቃል። ስልክ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ የደረት ኪስ ቦታው አይደለም። ብየዳ ቤት አይጠጉ።

የኛ ከተማ ጣጣ ፍተሻው ነው። ባንክ፣ ሆቴል፣ መሥሪያ ቤት፣ በየበሩ አለ። በመፈተሻ በሩ ሳይቆሙ ማለፍ ይቻላል። የእጅ መፈተሻውን ግን ደረታቸው ላይ እንዳያቆዩት፣ የፔስሜከር ካርዱን አሳዩና በእጅ ይፈትሹ በሉ። ጥበቃዎቹ ሲነገራቸው ይገባቸዋል፤ የሚያጉረመርመው እማማ ከነጠላቸው ሥር ካርድ ሲፈልጉ የሚጠብቀው ወረፋ ነው። ካርዱን ከመታወቂያቸው ጋር አንገታቸው ላይ አንጠልጥሉላቸው።