ከሞተ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ አውጥቶ የቤተሰብ ፎቶ ማስቀመጫ መስራት

ቁም ሳጥን ላይ አቧራ የለበሰ ላፕቶፕ ያለበት ቤት ብዙ ነው። ስክሪኑ ተሰብሯል፣ ወይ ቻርጅ አልቀበል ብሏል፣ ወይ ጠጋኙ "ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ አያዋጣም" ብሎ መልሶታል። ውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። የእኔም እንደዚያ ነበር። 500 ጊጋ የሚይዝ ዲስክ ሦስት ዓመት ሙሉ ላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ፣ እኔ ስልኬ በሞላ ቁጥር ፎቶ እየመረጥኩ አጠፋ ነበር።

ይህን ዲስክ አውጥቶ፣ ትንሽ ኬዝ ውስጥ አስገብቶ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ማስቀመጫ ማድረግ የግማሽ ሰዓት ስራ ነው። ወጪው የኬዙ ዋጋ ብቻ ነው። የሚያስቸግረው ማውጣቱ አይደለም፣ ፋይሉን በትክክል መገልበጡ ነው። እኔ የተጎዳሁት እዚያ ላይ ስለሆነ፣ እዚያ ስደርስ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የዲስኩን አይነት ለዩ። ወፈር ያለ አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነ ውስጡ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ (የመሰኪያው አይነት ስም ነው) ዲስክ ነው፤ መጠኑ የኪስ ቦርሳ ያክላል። ውፍረቱ 7 ወይም 9.5 ሚሊ ሜትር ነው። አንዳንድ ኬዝ ቀጭኑን ብቻ ስለሚቀበል ዲስኩን ይዛችሁ ሄዳችሁ ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። ቀጠን ያለ አዲስ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ረጅም ማስቲካ የሚመስለው ኤም ዶት ቱ የሚባል ዲስክ ሊሆን ይችላል፤ እሱ የራሱ ኬዝ አለው፣ እሱም ሳታ እና ኤንቪኤምኢ የሚባሉ ሁለት አይነት ስላለው ኬዙ ለየአይነቱ ይለያያል። አንዳንድ ትንንሽ ርካሽ ላፕቶፖች ላይ ማስቀመጫው ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። እሱ አይወጣም፣ አትድከሙ።

ኬዙን መርካቶም፣ መገናኛም፣ ፒያሳም የኮምፒውተር እቃ የሚሸጥበት ሱቅ ታገኙታላችሁ። "የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ኬዝ" በሏቸው። ዩኤስቢ 3.0 የሆነውን ግዙ። ባለ 2.0ው ዋጋው ዝቅ ይላል፣ ግን በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ብቻ ነው የሚያሳልፈው። 200 ጊጋ ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ያስቀምጣችኋል። በ3.0 ግን ጤነኛ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ስለሚሄድ ያው ስራ በግማሽ ሰዓት አካባቢ ያልቃል፣ ፋይሎቹ ትንንሽ ከሆኑ ትንሽ ቢጨምርም። መብራት መቼ እንደሚሄድ በማይታወቅበት ቤት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ማውጣቱ ቀላል ነው። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት፣ ገልብጡት፣ በትንሽ ካቻቪቴ ብሎኖቹን ፍቱ። ዲስኩን ወደ ጎን ሳብ ስታደርጉት ከሶኬቱ ይላቀቃል፤ ወደ ላይ አትገንጥሉት። ኬዙ ውስጥ የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚያ በሚሰራ ኮምፒውተር ላይ ሰኩትና ምንም ከማድረጋችሁ በፊት ጆሯችሁን አቅርቡ። ለስለስ ያለ የመሽከርከር ድምጽ ጥሩ ነው። እየደጋገመ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ዲስኩ እየሞተ ነው፤ ውስጡ የምትፈልጉት ነገር ካለ ቶሎ አውጡና ለማስቀመጫነት እርሱት። ድምጹ ደህና ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም አውርዱና ክፈቱት። ሰማያዊ ካሳየ ቀጥሉ። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ፣ በተለይ 05 ወይም ሲ5 የሚለው መስመር ላይ ምልክት ካለ፣ ዲስኩ የተበላሹ ቦታዎች ማብዛት ጀምሯል። ብዙ ሰው "ቢጫ ምን ችግር አለው፣ ይሰራል እኮ" ይላል። ለፊልም ማመላለሻ ችግር የለውም። ለልጅ ፎቶ ግን አይሆንም።

ዲስኩ ላይ ድሮ የነበረ ፋይል ካለ አሁኑኑ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡት። ሲሰካ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ከጠየቃችሁ ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፏል ማለት ነው፤ ቁልፉ ላፕቶፑ ላይ ትጠቀሙበት የነበረው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ።

ቀጥሎ ፎርማት ነው፤ ዲስኩን አጽድቶ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ማለት ነው። ስታርት ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ዲስክ ማኔጅመንት ግቡ። ዲስኩን በመጠኑ ለዩት፣ ሁለቴ አረጋግጡ፣ ትልቁን ክፍል ፎርማት አድርጉ። ድሮ ዊንዶውስ የነበረበት ስለሆነ አንዲት ትንሽ ክፍል አልጠፋም ልትላችሁ ትችላለች፤ ተዋት፣ የምትይዘው ቦታ ኢምንት ነው። እሷን ለማጥፋት በጥቁሩ መስኮት የሚጻፍ ትእዛዝ አለ፣ ግን አንድ ቁጥር ከተሳሳታችሁ የኮምፒውተራችሁን ዲስክ ያጸዳል፣ ስለዚህ አልመክርም። የፎርማቱን አይነት በተመለከተ ፋት 32 አትጠቀሙ፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ የሰርግ ቪዲዮ ደግሞ በቀላሉ ከዚያ ያልፋል። ማክ የሚጠቀም ሰው ቤት ውስጥ ካለ ኤክስፋት አድርጉ። ሁላችሁም ዊንዶውስ ከሆናችሁ ኤንቲኤፍኤስ ይሻላል፤ የሚያደርገውን ለውጥ እየመዘገበ ስለሚሄድ መብራት ድንገት ሲጠፋ የተሻለ ይቋቋማል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን።

ፋይል ስታዛውሩ ካት አትጠቀሙ። ሁልጊዜ ኮፒ። ምክንያቱን የተማርኩት በከባድ ዋጋ ነው። ዲስኩን ያዘጋጀሁ ቀን ማታ የቤተሰቡን ፎልደር በሙሉ፣ 3,000 ያህል ፎቶና ጥቂት ቪዲዮ፣ ካት አድርጌ አዲሱ ዲስክ ላይ ፔስት አልኩ። ቦታም ይለቀቅልኛል፣ ስራውም በአንዴ ያልቃል ብዬ ነው። የምጠቀምበት ላፕቶፕ ባትሪው የደከመ ስለነበር በቀጥታ ከሶኬት ነበር የሚሰራው። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ከፍቼ ሳይ እስከዚያ የተዛወሩት ፋይሎች አሮጌው ቦታ ላይ የሉም። አዲሱ ዲስክ ላይ አሉ፤ ስማቸው አለ፣ መጠናቸውም አለ። ግን አንዱን ስከፍት ጥቁር ሆነ። ሌላውን ስከፍት ፋይሉ ተበላሽቷል አለኝ። ከእነዚያ ውስጥ አባቴ ከማረፉ ሁለት ወር በፊት ስለ ልጅነቱ ሲያወራ የቀረጽኩት 40 ደቂቃ ቪዲዮ ነበር። ዛሬ ከእሱ የቀረኝ በቴሌግራም ለእህቴ ቆርጬ የላክሁላት ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ከብቶች ሲጠብቅ ስላሳለፈው ክረምት መናገር ሲጀምር ይቆረጣል።

የሆነው ይህ ነው። ካት ስትሉ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፋይል ወደ አዲሱ ዲስክ ይጽፍና ወዲያው አሮጌውን ያጠፋል። "ጻፍኩ" ሲል ግን ዳታው ገና ማህደረ ትውስታ (ራም) ውስጥ ተራ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። በዚያች ቅጽበት ኃይል ሲቋረጥ አሮጌው ጠፍቷል፣ አዲሱ በትክክል አልተጻፈም። ኮፒ ብላችሁ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ስለማይነካ ደግማችሁ ትገለብጡ ነበር፣ በቃ። የጎዳኝ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው፤ ደንግጬ ላፕቶፑን ስከፍት ስዘጋ፣ ፕሮግራም ሳወርድ፣ የጠፋው ፋይል የነበረበት ቦታ ላይ ሌላ ነገር እንዲጻፍበት አደረግኩ። እንዲህ ከገጠማችሁ ፋይሉ በጠፋበት ዲስክ ላይ ምንም ነገር አትጻፉ። ኮምፒውተሩን ዝጉት፣ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት፣ ፎቶሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሞክሩ፣ የምታወጡትንም ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ፋይሉ የነበረው ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ በቺፕ የሚያስቀምጥ ዲስክ) ላይ ከሆነ ግን ተስፋው በጣም ጠባብ ነው፤ ኤስኤስዲ የጠፋን ቦታ ራሱ ያጸዳል።

ስለዚህ አሁን የማደርገው ይህንን ነው። ላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ መሆኑን አያለሁ። ዊንዶውስ ራሱ ባለው ኮፒ ፋንታ ቴራ ኮፒ የሚባል ፕሮግራም እጠቀማለሁ፤ ከገለበጠ በኋላ "ቬሪፋይ" ሲባል ሁለቱን ቅጂዎች አንብቦ ያመሳክራል፣ ያልተመሳሰለውን በቀይ ያሳያል። ጊዜው እጥፍ ይሆናል፣ ይሁን። ከዚያ ሁለቱም ፎልደሮች ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ የፋይሎቹን ቁጥርና በቅንፍ ያለውን የባይት ቁጥር አስተያያለሁ። "ሳይዝ ኦን ዲስክ" የሚለው ሊለያይ ይችላል፣ እሱ አያሳስባችሁ። በመጨረሻ በዓይኔ አያለሁ። ከተለያየ ቦታ አስር ፎቶ እከፍታለሁ፣ ትልቁን ቪዲዮ ከፍቼ ወደ መሀሉና ወደ መጨረሻው እጎትተዋለሁ። ዲስኩን የምነቅለው ኢጀክት ብዬ ነው። ከአሮጌው ቦታ የሚጠፋ ነገር ካለም የማጠፋው ከሳምንት በኋላ፣ ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቦታ ካስቀመጥኩ በኋላ ነው።

ከስልክ ስትገለብጡ በኬብል አድርጉት፣ ግን 5,000 ፎቶ በአንዴ አትላኩ፤ መሀል ላይ ይቆማል፣ የቱ ጋ እንደቆመም አይነግራችሁም። በወር በወር ከፋፍሉት። የካሜራው ፎልደር ብቻ በቂ አይደለም። ከውጭ ያሉ ዘመዶች የሚልኩት ፎቶ አብዛኛው ቴሌግራምና ዋትስአፕ ውስጥ ነው ያለው። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የተላከ ነገር ጥራቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ የሰርግ ወይም የክርስትና ፎቶ ከሆነ "እንደ ፋይል ላኩልኝ" በሏቸው።

ስም አሰጣጥ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስልኩ ፎቶውን የሚመዘግበው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የ2016 ጥምቀት ፎቶ ስልኩ ላይ 2024 ነው፣ የዚያው ዓመት የመስቀል ፎቶ ግን 2023 ነው። እኔ ግማሹን በእኛ፣ ግማሹን በነሱ ስሰይም ቆይቼ ሁሉም ተደበላለቀ። አሁን ፎልደሩን በፈረንጅ ዓመትና ወር ቁጥር እጀምራለሁ፣ እንደ 2024-01፣ ከዚያ በአማርኛ "ጥምቀት 2016 ጃን ሜዳ" ብዬ እጨምርበታለሁ። ቅደም ተከተሉም አይዛባም፣ ስፈልገውም አገኘዋለሁ።

የቆዩ የአማርኛ ጽሑፎች ካሏችሁ ደግሞ ፋይሉን ብቻ አትገልብጡ። ድሮ ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። የአጎቴ የእድር መተዳደሪያ ደንብ እንደዚያ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር እስካለ ድረስ ሰነዱን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አውጡ፣ የፎንቱንም ፋይል አብራችሁ አስቀምጡ።

ይህ ዲስክ ፎቶ ቤት፣ ህትመት ቤት፣ ኢንተርኔት ካፌ አይሄድም። ፎልደሮችን ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ የሚገባው እዚያ ነው። ለማሳተም የምትፈልጉትን ብቻ በፍላሽ ውሰዱ። ቤትም ውስጥ ስራው ሲያልቅ ንቀሉት፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚገባው ኃይል ተሰክቶ የቆየን እቃ ሊጎዳ ይችላል።

አንድ ዲስክ ግን አንድ ዲስክ ነው፤ ይወድቃል፣ ይሰረቃል፣ ያረጃል። የማይተካውን፣ ማለትም የልጆችን፣ የሟቾችንና የሰነዶችን ፎልደር፣ ሁለተኛ ዲስክ ላይ ገልብጡና ሌላ ቤት አስቀምጡት። የእኔ ሁለተኛው እህቴ ቤት ኮተቤ ነው ያለው፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቀኑ በፕላስተር ተጽፎበት። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ እንደዚህ ለመቀመጥ ይሻላል፤ ኤስኤስዲ ያለ ኃይል ብዙ ዘመን ሲቀመጥ የያዘውን ሊያጣ ይችላል።

ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ አዲሱን እጨምራለሁ። ጳጉሜን ሲገባ ደግሞ ኮተቤ ያለውን አመጣና ሁለቱንም ሰክቼ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን እከፍታለሁ፣ ከየፎልደሩ ጥቂት ፎቶ አያለሁ፣ ፕላስተሩ ላይ አዲሱን ዓመት ጽፌ ለእንቁጣጣሽ እህቴ ጋ ስሄድ እመልሰዋለሁ።